ሽጉጥ በመቀነት

ሽጉጥ ልይዝ እንደሆነ ለባሌ የነገርኩት እሱ ሱቄን ሊያዘጋኝ በተነሳበት ጠዋት ነው። ሱቅ እላለሁ እንጂ ፍሮግታውን የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያ፣ አንድ ትልቅ መስታወት፣ በቃ። የሙሽራ ቀሚስ ወገብ አጠብባለሁ፣ የነርሶች ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ። ትንሽ ናት፤ ግን የኔ ናት። አሜሪካ ከገባሁ ጀምሮ ማንም «ፈጠን በይ» የማይለኝ እዚያች ክፍል ውስጥ ብቻ ነው።

በዚያ ዊንተር፣ ከምሳ በኋላ፣ ፀሐይዋ በረዶው ላይ ቦግ ብላ ሳለ ሁለት ጎረምሶች ገቡ። አንደኛው የጃኬት እጅጌ ሊያሳጥር እንደመጣ ሰው ክንዱን ዘረጋልኝ። ሜትሬን ይዤ ጠጋ ስል ገፍቶ ጣለኝ፤ ሌላው ቦርሳዬንና ስልኬን ላፍ አድርጎ ወጣ። አልመቱኝም። ግን ወለሉ ላይ፣ የተበተነ ስፒል መሃል ተጋድሜ እየሳቁ ሲሄዱ ስሰማ እንዴት እንደተንገበገብኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ከዚያ ወዲህ በሩ ላይ የሰቀልኳት ቃጭል በጮኸች ቁጥር እደነግጥና መርፌው ጣቴን ይወጋኛል። ደንበኛ ገባ ብሎ የሚደማ ልብስ ሰፊ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ባሌ የድሮ ወታደር ነው፤ አሁን ፕሊማውዝ ውስጥ የሕክምና ዕቃ በሚገጣጥም ፋብሪካ ይሠራል። የሱቁ ኪራይ ውል ሊታደስ ሲቃረብ «አታድሺው» አለኝ። «እኛ ጋ ሰው እየቀጠሩ ነው። ሙቀት አለ፣ በር ላይ ጥበቃ አለ።»

«እኔን ልታስቀጥረኝ? እኔ እኮ የራሴ አለቃ ነኝ!»

«የምን አለቃ? የስፒል አለቃ?»

ደሜ ፈላ። «እንግዲያው ሽጉጥ እይዛለሁ!» አልኩት። እውነቱን ልናገር፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አስቤውም አላውቅ። ከአፌ አመለጠኝ፤ ካመለጠኝ በኋላ ግን ወደድኩት።

ይስቃል ብዬ ስጠብቅ ባሌ አልሳቀም። ስኒውን አስቀምጦ እንደ አዛዥ ተቀመጠ። «ስሚኝ። አንድ ሀበሻ ካወቀብሽ እስከ ማታ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ከዚያ ሌባ የሚመጣው ለቦርሳሽ ሳይሆን ለሽጉጡ ነው። እንስማማ። ታጥቀሽ ሀበሻ መሃል ገብተሽ ማንም ሳያውቅብሽ ከወጣሽ፣ ውሉን ፈርሚ። ካወቁብሽ ግን የሱቁን ቁልፍ ትመልሻለሽ፤ ከኔ ጋር ፋብሪካ ትገቢያለሽ።»

«ተስማምቻለሁ!» አልኩት።

ሽጉጥ ለመታጠቅ የሚያስፈልገውን የፈቃድ ትምህርት የወሰድኩት ክሪስታል በምትባል ከተማ ካለ የተኩስ መለማመጃ ነው። አስተማሪዋ ፀጉሯ የሸበተ፣ ድምፅዋ የሰፈር ዕድር ዳኛ የሚመስል ፈረንጅ ናት። ጎን ለጎን የሽጉጥ ሱቅ አለ። ባሌ አብሮኝ ገባና ገና ሳይጠየቅ መስታወቱ ላይ ጣቱን ቀስሮ ትልቁን አስወጣ። «ሽጉጥ ማለት ይሄ ነው!»

ያዝኩት። የኔ ካውያ ይቀላል። ጥይት ለማጉረስ የላይኛውን ብረት ወደኋላ መሳብ አለብኝ፤ ሳብኩ፣ ንቅንቅ የለም። ባሌ «ጉልበት!» ይላል ከጎኔ፣ ምጥ ላይ ያለሁ ይመስል። ቀጥሎ ትንሿን፣ መዳፍ ውስጥ የምትጠፋዋን ሰጡኝ። ደስ አለችኝ፤ መተኮሻው ውስጥ ገብቼ ስሞክራት ግን እንደ በቅሎ ረገጠችኝ። ለካ ትንሽ ሲሆን ምቱ ይብሳል። አስተማሪዋ ባሌን ወንበር ላይ አስቀምጣ «እጁ የሷ ነው፤ መራጯም እሷ ናት» አለችው። እሰይ! በሃያ ዓመት ትዳር ውስጥ እንደዚያ ዝም ያለበትን ቀን አላስታውስም።

በመጨረሻ መካከለኛዋን፣ ባለ ዘጠኝ ሚሊዋን ያዝኩ። እጀታዋ ጣቶቼን ሞልቶ ይቀበላል፤ ቃታዋ ላይ ጣቴ ሳይንጠራራ ይደርሳል። «አትሳቢ፤ በግራሽ ላዩን ያዥና በቀኝሽ እጀታውን ወደፊት ግፊ» አለችኝ አስተማሪዋ። ገፋሁ። ቀጭ! ብላ ተከፈተች። ወረቀቱ ላይ መተኮስ ስጀምር የመጀመሪያዋ ወደ ጣሪያው ሄደች፤ ኋላ ላይ ግን ትንፋሼን መያዝ ስለምድ ቀዳዳዎቹ እንደ ቁልፍ ቤት ተጠጋግተው ተደረደሩ። ወረቀቱን ጠቅልዬ ወደ ቤት ይዤው ሄድኩ። ልጄ አይታ «ማም፣ ሲሪየስሊ?» አለችኝ። «ሲሪየስሊ!» አልኳት።

ፈቃዱ መጣ፣ ሽጉጧ ተገዛች፣ ብረት ሳጥን ውስጥ ተቆለፈች። የቀረው አፎቱ ነው። ያን ደግሞ ባሌ ለራሱ አስቀረው። «ይሄን እንኳ ለኔ ተይልኝ» ብሎ ቀኝ ዳሌ ላይ የሚታሰር ጥሩ የቆዳ አፎት ገዛልኝ። አስተማሪዋ በእውነተኛዋ ሽጉጥ እንድጀምር አልፈቀደችም፤ በቅርጿም በክብደቷም እኩል የሆነች ሰማያዊ የፕላስቲክ መለማመጃ አዋሰችኝና «በዚህች ታጥቀሽ ዋይ፣ ተቀመጪ፣ ተነሺ» አለችኝ። ታጠቅኩ። በሱቄ መስታወት ፊት ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ረጅም ሹራብ ሳደርግበት ምንም አይታይም። «አበቃ!» አልኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለውን ረስቼ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ የምረቃ ድግስ ተጠራን፤ ፕላስቲኳን ታጥቄ ሄድኩ። እዚህ አገር የልጅ ምረቃ ሲደገስ ጋራዡ ይጸዳና ወንበር ይደረደራል። ገና ከመግባቴ እትዬ አዩኝ። እትዬ የሁላችንም ታላቅ ናቸው፤ ነርሲንግ ሆም ውስጥ አቅመ ደካማ ሲያነሱና ሲያስተኙ ነው የኖሩት፣ ክንዳቸው የወንድ ነው። ፈረንጅ ሲያቅፍ በጣቱ ጫፍ ነካ አድርጎ ይለቃል። እትዬ ግን ትከሻ ለትከሻ አጋጭተው፣ ጉንጭ አገላብጠው ስመው፣ ጀርባ ዳብሰው፣ ጎን ጨምቀው ነው። መስታወቱ ይህን መቼ ነገረኝ? እጃቸው ወርዶ ወርዶ ዳሌዬ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ።

«ምንድነው ይሄ?»

ባሌ ከወንዶቹ መሃል ቀና አለ። እትዬ እንደገና ዳሰሱትና ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ውይ እናቴ! ስኳር ያዘሽ? ይሄ ኢንሱሊን የሚሰጠው ማሽን አይደል? ስንቱን በሽተኛ እያገላበጥኩ አጣዋለሁ?»

ምን ልበል? ሽጉጥ ነው ልበል? «አይ… እንግዲህ…» አልኩ። አበቃ። ዳቦው ከፊቴ ተነሳ። ኮካው ተነሳ። አንዷ የሽፈራው ቅጠል በባዶ ሆድ እንድጠጣ መከረችኝ፤ ሌላዋ አብሽ። ሰኞ ሱቄ ድረስ ያልተፈተገ ገብስ የላኩልኝ ነበሩ። ባሌ መኪና ውስጥ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ስኳርሽ እንዴት ዋለ?»

«ሳቅ! ሳቅ!»

«ቁልፉን መልሺ እንግዲህ። አወቁብሽ።»

«ምን አወቁ? ያወቁት ስኳር ነው እንጂ ሽጉጥ አይደለም! ደግሞ አፎቱን የመረጥከው አንተ!»

ወታደር ቢሆንም ሐቅ ያውቃል። «አንድ ጊዜ ብቻ» አለኝ። «የእትዬ ማኅበር የሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ነው። ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም።»

ያን ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ። ሱቋን በዓይኔ እየዞርኩ እሰናበታት ጀመር። ካውያዬን ማን ይገዛዋል? መስታወቱስ በየትኛው በር ይወጣል? አንድ ጠዋት ጥቁር ጨርቅ ላይ በጠመኔ መስመር ሳሰምር እጄ ነጭ ሆነ፤ ሳላስበው ጉልበቴን ስነካ የአምስት ጣቴ አሻራ ቀሚሴ ላይ ቀረ። አየሁት። ብድግ ብዬ ሱቁን ቆልፌ ወደ ቤት ድራይቭ አደረግሁ።

ባሌን መዳፉን በጠመኔ ለቀለቅኩት። ጥቁር ቀሚስ ለብሼ ፊቱ ቆምኩ። «እንደ እትዬ እቀፈኝ።»

«አመመሽ?»

«እቀፈኝ አልኩህ!»

አቀፈኝ፤ አንዴ፣ ደግሞ እንደገና። መስታወት ፊት ስቆም ጀርባዬ ነጭ፣ ትከሻዬ ነጭ፣ ሁለቱም ጎኔና ዳሌዬ ነጭ። አንድ ቦታ ብቻ ጥቁር ቀርቷል፤ ከእምብርቴ በታች፣ ፊት ለፊት። እኛ ስንተቃቀፍ ትከሻ ይጋጫል እንጂ ሆድ አይነካካም። ይህች ቦታ ደግሞ እናቶቻችን መቀነታቸውን የሚያስሩባት፣ ሳንቲማቸውን የሚቋጥሩባት ናት። የገበያ ሌባ ሁሉ ሲያቅተው የኖረ ካዝና እኮ ነው! ብቻዬን ሳቅሁ።

ክሪስታል ያለው ሱቅ ሆድ ላይ የሚጠመጠም የላስቲክ መታጠቂያ ነበረው፤ ግን ስስ ነው፣ ሲጎትቱት ቃታው በጨርቁ ላይ ይዳሰሳል። ያን አልወደድኩትም። ስለዚህ ቃታዋን ድፍን አድርጎ የሚሸፍን ደረቅ የፕላስቲክ አፎት ብቻውን ገዛሁ። መቀነቱን ራሴ ሰፋሁት፤ ወፍራም ላስቲክ፣ በላዩ የማይለጠጥ ሸራ፣ ሁለት ረድፍ ስፌት፤ አፎቱ እንዳይላወስ በቁልፍ አጠበቅኩት። ወገቡ ልክ ነው፤ ስቀመጥ አይወጋኝም፣ ጎንበስ ስል አይወጣም። አስተማሪዋ ፕላስቲኳን ከትታ ገልብጣ አራገፈችው፤ አልወደቀም። ዝለይ አለችኝ፤ ዘለልኩ። እየዞረች ስፌቱን አየችና «ይህን ለሌላ ሰው ትሰፊያለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ሱቄ ካልተዘጋ» አልኳት።

እሑድ ደረሰ። ነጭ የሀበሻ ቀሚሴን ለበስኩ፣ ከሥሩ መቀነቴን ከነሰማያዊዋ ታጠቅኩ። ባሌ አልጋ ላይ ተቀምጦ ላይ ታች አየኝ። የእትዬ ቤት ሰው ጢም ብሏል። እትዬ ከሩቅ አይተውኝ እጃቸውን ዘርግተው መጡ፤ ዛሬ ደግሞ ሰላምታ ብቻ አይደለም፣ ማሽኑን ሊፈትሹ ነው። ትከሻ ለትከሻ ተጋጨን። ጀርባዬን ዳበሱ። ጎኔን ጨመቁ። ቀኝ ዳሌዬን ነኩ፤ ግራውን ነኩ፤ ወደ ቀኙ ተመለሱ። ትንፋሼን እንደ መተኮሻው ያዝኩት።

«የታለ ማሽኑ?»

«የለም፣ እትዬ።»

«የለም ማለት?»

«አያስፈልገኝም።»

ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። «እልልልል! ሴቶች! እመቤቴ ምራታለች! ስኳሩ ለቋታል!» ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። እኔ ስንቀሳቀስ ያቀፈኝ ሁሉ፣ የሳመኝ ሁሉ፣ ጀርባዬን የመታኝ ሁሉ ተፈራረቀብኝ፤ መቀነቴን የነካ ግን የለም። ነገሩ ልቤን ከበደኝና ወደ እትዬ ጆሮ ጠጋ ብዬ «እትዬ፣ እኔ እኮ መጀመሪያም ስኳር አልነበረብኝም» አልኳቸው።

«ዝም በይ!» አሉኝ። «የዳነ ሰው እንዲህ ይቀባጥራል? ዳቦ ብዪ!»

ትልቅ ቁራሽ ዳቦ አፌ ውስጥ ከተቱብኝ። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል ባሌ እየተጋፋ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል፤ መሳቁ ይሁን ማልቀሱ አልለየሁም። ትከሻዬን በትከሻው ገጨት አድርጎ «ሰኞ ሂጂና ውሉን ፈርሚ» አለኝ። «አለቃ ነሽ።»

አፌን የሞላውን ዳቦ ዋጥ አደረግሁና እልልታውን እኔም አብሬ አቀለጥኩት።

ሰኞ ፈረምኩ። ከሰዓት በኋላ መቀነቴን ታጥቄ፣ አሁን በእውነተኛዋ፣ ስፌት መኪናዬ ፊት ተቀምጬ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ስሰፋ የበሩ ቃጭል ጮኸች። መርፌው መስመሩን ጨረሰ። ጣቴ ደህና ነው። ቀና አልኩና «ግቡ!» አልኩ፤ ድምፄ የባለቤት ድምፅ ነበር።