ያደረው ገበጣ

ልጅ እያለሁ ለነገ ያሳደርኩትን ገበጣ ሰው ነካብኝ። ጠጠሬን ከጉድጓዱ አዛወረብኝ። የልጅ ጨዋታ ይመስላል፤ እኔ ግን የተበደልኩት እዚያ ላይ ነውና ይመዝገብልኝ።

ያን ዓመት ደብረ ብርሃን የሚኖረው አጎታችን አንድ ልጅ ወስዶ ሊያስተምር ቃል ገባ። እኔና ታናሽ ወንድሜ ታደሰ «እኔ ልሂድ፣ እኔ ልሂድ» እያልን ተጨቃጨቅን። አባታችን በአንኮበር ሰው የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነበር። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ማለት ይወዳል። «እኔ አላዳላም፤ ያሸነፈ ይሄዳል» አለና የገበጣውን ድንጋይ ደጃፉ ላይ አስቀመጠልን።

ጨዋታው ሳያልቅ ከቆላው ጉም ተነሣና ጉድጓዶቹ አልታይ አሉን። ጣታችን ደንዝዟል፤ ከጋጣው የእርጥብ በግ ጠጉር ይሸታል። «ይደር» አለ አባባ። በእኛ ዘንድ ባደረ ገበጣ ላይ እንቅብ ይደፋበታል፤ ማንም አያነሣውም፤ ዶሮ እንኳ ስትጠጋ ትባረራለች። እየመራሁ ነበር። ከወንዝ የለቀምኳትን ቀይ ጠጠር የያዘው የዳሩ ጉድጓድ ሞልቶልኛል፤ በማግስቱ የምነሣው ከእሱ ነበር። እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጠዋት እንቅቡ ሲነሣ ቀይዋ ጠጠር ከጎን ካለው ጉድጓድ ተገኘች። «ተነክቷል!» ብዬ ጮኽኩ። ታደሰ መሬት መሬት አየ። አባባ፣ «እንቅቡ እንደተደፋ ነው ያደረው፤ ተጫወቺ» አለኝ። ተጫወትኩ፤ ተሸነፍኩ። ታደሰ አዲስ ጫማ ተገዝቶለት ሄደ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከወለድኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው። በሰርጉ ቀን እንኳ እልል አላልኩለትም።

ባለፈው ሰሞን ታደሰ ሊጠይቀኝ ቤቴ መጣ። የልጅ ልጄ ሕሊና ኮምፒውተሯ ላይ ነበረች። ሁልጊዜ ከተማ የምትገነባበትና ጦር የምታዘምትበት ጨዋታ አላት። ያን ቀን ግን ከተማውም ጦሩም የለም፤ ቁጥርና ፊደል ብቻ እንደ ተበተነ ጤፍ ስክሪኑን ሞልቶታል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኳት።

«ትናንት ያስቀመጥኩት ጨዋታ ነው፣ እማማ። ፋይሉ ሲከፈት ውስጡ እንዲህ ነው። የወርቄን ቦታ ፈልጌ ቁጥሩን እለውጠዋለሁ፤ በቃ፣ ከበርኩ!»

«ጨዋታውስ አያውቅብሽም?»

«ከየት ያውቃል? ተቀምጦ ያገኘውን ነው የሚያምነው» ብላ ሳቀች።

ደሜ ፈላ። «አንቺ ሌባ! ማንን ነው የምትበድይው?»

«ኧረ እማማ! ማንም የለም፤ ከኮምፒውተሩ ጋር ብቻዬን ነው የምጫወተው። ደግሞ ዋናውን ኮፒ አድርጌዋለሁ፤ ሲያሰኘኝ እመልሰዋለሁ።»

ቀናሁባት። የዛሬ ልጅ ዋናውን አስቀምጦ ነው የሚነካው። የእኛ ጠጠር አንዴ ከተዛወረ መመለሻ አልነበረውም።

ዞር ስል ታደሰ ብርጭቆውን እንደያዘ አንገቱን ደፍቷል።

«አንተስ?» አልኩት። «ዛሬ ሳትነግረኝ ከዚህ ቤት አትወጣም። እንቅቡን ለምን አነሣህ?»

ሕሊና እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሣች። ታደሰ ብርጭቆውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ።

«እኔ አይደለሁም፣ እትዬ» አለ። «አባባ ነው። ሲነጋጋ ወደ ደጅ ስወጣ ጠጠርሽን ሲያዛውር አየሁት። ‹እሷ ብልህ ናት፣ ሳትማርም ትኖራለች፤ አንተ ግን ካልተማርክ ሰው አትሆንም› አለኝ።»