ሳይወራ የከረመ እርግዝና

ካዛንቺስ ባለው ሆቴላችን የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ ሆኜ የተመረጥኩት ሕግ ስለማውቅ አይደለም። አፌ ስለማያርፍ ነው። እንግዳ መቀበያው ላይ ቆሜ ቀኑን ሙሉ ስለማወራ ባልደረቦቼ “በቃ፣ ለእኛም አንቺ አውሪልን” ብለው እጃቸውን አወጡ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን ያነበብኩት ከተመረጥኩ በኋላ ነው፤ ጠዋት ከወሎ ሰፈር በታክሲ ስመጣ፣ መንገዱ ባምቢስ አካባቢ ሲዘጋጋ።

እንዲህ አፌ የማያርፈው እኔ አንድ ጊዜ ዝም እንድል ተለመንኩ።

የለመነችኝ ክፍል የምታጸዳ ጓደኛዬ ናት። ጎተራ ኮንዶሚኒየም ከባሏና ከእናቷ ጋር ትኖራለች። ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ፊቷ አመድ መስሎ አገኘኋትና ምን ሆንሽ ስላት፣ በሩን ዞር ብላ አይታ “አርግዣለሁ፤ ለማንም እንዳትናገሪ” አለችኝ። ምክንያቷን አልጠየቅኋትም። የባለፈውን እርግዝናዋን ገና እንዳወቀች ለሁላችንም ነግራን ነበር። ካፍቴሪያው ውስጥ እልል አልንላት፣ ስም ሁሉ አወጣንላት፤ ብዙም ሳይቆይ ጨነገፈባት። እናቷ “የሰው ዓይን ነው፣ የሰው አፍ ነው” አሉ። እኔ በዓይን አላምንም፤ ግን እልል ካሉት አንዷ ስለነበርኩ የምከራከርበት ፊት አልነበረኝም።

ችግሩ ሥራው ነው። ጠዋት ጠዋት ስለሚያስመልሳት ታረፍዳለች። ፍራሽ ማንሳት እምቢ ትላለች፤ ለምን ስትባል “ወገቤን” ትላለች። ሱፐርቫይዘሯ “ይቺ ልጅ ሰነፈች” ብላ ከሰሰቻት፣ ማስጠንቀቂያ በላይ በላዩ መጣ። ይባስ ብሎ ማታ ፈረቃ ተመደበች። ቀጥሎ ያለው ስንብት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

በንዴት ልፈነዳ ደረስኩ። ሕጉ ነፍሰ ጡርን ማታ አያሠራም፣ ከባድ አያስነሳም፣ አረፈደች ብሎም ከሥራ አያስወጣትም። ግን ሕጉ ጠንቋይ አይደለም፤ ካልነገሩት ከየት ያውቃል? ይህንኑ ስነግራት “እስኪገፋ ልታገሥ፤ ከዚያ ራሱ ይታያል” አለችኝ።

“ሆድሽ እስኪገፋ ሥራሽ የት ይገኛል?”

አለቀሰች። እኔም ተናደድኩባት፣ አሳዘነችኝም፤ ሁለቱም አንድ ላይ።

በመጨረሻ የሰው ኃይል ኃላፊው አስጠሯት። በማኅበሩ ስም አብሬያት ገባሁ። ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን የሚፈልጉ ሰው ናቸው።

“ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው? ድሮ እንዲህ አልነበርሽም።”

“ወገቤን ነው፣ ጋሼ።”

“እንግዲያው የወገብ ሕመም ብዬ ልጻፍና ቀላል ሥራ እንፈልግልሽ።”

እሷ እፎይ ብላ ራሷን ነቀነቀች። እኔ ክው አልኩ። የወገብ ሕመም ተብሎ ከተጻፈ ነገ የምትታወቀው ሥራው እንዳቃታት ሠራተኛ ነው፤ ያን ጊዜ መሸኘት ቀላል ነው። አፌን ከፈትኩ። አየችኝ። ዘጋሁት። “ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሡን” ብዬ ኮሪደር ላይ አወጣኋት።

“እርግዝናው በስሙ ካልተጠራ ሕጉ አይጠብቅሽም” አልኳት። “ለሆቴሉ ሁሉ ንገሪ አላልኩም። ለእሳቸው ብቻ።”

“እሳቸውስ ቢያወሩት?”

“እኔ አውርቻለሁ?”

ይሄኛው መልስ ሳያሳምናት አልቀረም። እኔ ከቻልኩ ማንም ይችላል።

ተመልሰን ገባን። መሬት መሬቱን እያየች “ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ጋሼ። ባለፈው ስላልበረከተልኝ እንዳይወራብኝ ፈርቼ ነው” አለች።

እንኳን ደስ ያለሽ አላሏትም። ተነሥተው ገርበብ ያለውን በር ዘጉና ተመልሰው ተቀመጡ። “የሐኪም ማስረጃ አምጪልኝ፤ እኔ ዘንድ ብቻ ይቀመጣል። ማስጠንቀቂያዎቹን ተያቸው። ከነገ ጀምሮ ቀን ትገቢያለሽ፣ ፍራሽ አታነሺም። ለምን የሚል ካለ ጋሼ አዘዙ በይ።”

ሱፐርቫይዘሯ ለወራት አኮረፈች። እኔም “ማኅበሩ የወደደውን ነው የሚጠቅመው” ተብዬ ታማሁ፤ ታምቼ መልስ ሳልሰጥ የቀረሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሆዷ ገፍቶ ሁሉም ካወቀ በኋላ እንኳ ጋሼ ስለ እርግዝናዋ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ኮሪደር ላይ ሲያገኟት “ደህና ነሽ?” ብለው ያልፋሉ።

በሰላም ተገላገለች፣ ሴት ልጅ። ሰንበት ብለን ጋሼን ይዘን ጎተራ ሄድን። ቤቷ አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም፤ ደረጃውን እያረፉ ወጡት። እናቷ ወንበር ቢያቀርቡላቸውም አልተቀመጡም። አልጋው አጠገብ ቆመው፣ ትንፋሻቸው ገና ሳይመለስ፣ “እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ ልጄ። ሥራሽም ይጠብቅሻል” አሏት።

ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ።

“ያን ቀን ቢሮ ውስጥ እንኳን ደስ ያለሽ ልልሽ ነበር። ምላሴ ላይ ደርሶ፣ እንዳንቺው ፈርቼ ዋጥኩት።”