ደረሰ በፓምፑ ፍርግርግ ሥር

ጎረቤቴ ደረሰ ውኃ ውስጥ ጠልቆ የሚሠራ ሰው ነው። እኔ እንኳን ልጠልቅ፣ ወንዝ ስሻገር ዓይኔን የምጨፍን ፈሪ ነኝ፤ ስለዚህ ሥራውን ባነሳብኝ ቁጥር እቆጣዋለሁ። «ሰው ሁሉ ሰሊጥ ሊያጭድ ሲመጣ አንተ ዓሣ ሆንህ?» ስለው ይስቃል። እውነትም ከመተማ በገላባት ወደ ሱዳን የተሻገረው ለሰሊጥ አጨዳ ነበር። ኋላ ወዲያም ጦርነት፣ ወዲህም ጦርነት ሆነና መሄጃ አጥቶ ከሚስቱ ከአምሳለ ጋር እዚሁ ኸሽም ኤል ቂርባ ቀረ።

ከመስኖው ቦይ ውኃ የሚስቡት የእርሻ ፓምፖች አፋቸው ላይ የብረት ፍርግርግ አላቸው። ክረምት ሲገባ አረሙ፣ ፌስታሉና የተቀዳደደው የዓሣ መረብ ይደፍነዋል። ያን ጊዜ ፓምፑ ይጠፋና ደረሰ ወርዶ ይጠርገዋል። ዕቃው ያሳፍራል፤ ጎማ የሚነፋበት ኮምፕረሰር፣ ከእሱ አየር የሚያመጣ ረጅም ቱቦ፣ በጥርስ የሚነከስ ላስቲክ፣ አንድ መነጽር፣ ባቱ ላይ የታሰረ ቢላዋ። ወገቡ ላይ ገመድ አለ፤ ጫፉን ዳር ላይ ቆሞ የሚይዘው እዚሁ ሱዳን የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ተወልዶ ያደገው ጓደኛው እስማኤል ነው። ገመዱን አንድ ጊዜ መሳብ «ልቀቅልኝ» ማለት ነው፤ ሁለት ጊዜ «አውጣኝ»። ሌላ መነጋገሪያ የላቸውም።

ያን ቀን ውኃው ሻይ በወተት መስሎ ነበር፤ ደረሰ እጁን ዓይኑ ሥር ቢያመጣው አይታየውም። በዳበሳ አንድ ትልቅ መረብ ከታችኛው ብረት ሥር ተጠምጥሞ አገኘ። ራሱን ከብረቱ በታች አሾልኮ በቢላዋው ይቆርጥ ጀመር። ሊጨርስ ሲል መረቡ ድንገት ተላቀቀና ክንዱን መታው፤ ቢላዋው ከእጁ አመለጠ። ቢዳብስ አጣው። ይሁን ብሎ ሊወጣ ቀና ሲል አንገቱን የሆነ ነገር ያዘው።

ማተቡ ነበር። ከፍርግርጉ ተሰብሮ የቀረ ብረት በማጅራቱ በኩል በክሩ ውስጥ ገብቷል። የሌላ ክርስቲያን ማተብ ቢሆን ብጥስ ይል ነበር። የደረሰ ግን የጥጡ ክር ውኃ ውስጥ እየበሰበሰ ቢያስቸግር፣ አምሳለ ተናዳ ከዓሣ መረብ ናይለን ገምዳ ነው ያሰረችለት። «ከእንግዲህ አንገትህ ይወድቃል እንጂ ይኸስ አይወድቅም» ብላው ነበር።

ብረቱን በጣቱ እየፈለገ ሳለ አየሩ ቆመ። ዳር ላይ ቱቦውን ከኮምፕረሰሩ ጋር ያያያዘው ሽቦ ተበጥሶ ቱቦው ተነቅሏል። ደረሰ ይህን አያውቅም፤ የሚያውቀው ላስቲኩን ሲምገው ምንም አለመምጣቱን ነው። ደነገጠና ገመዱን ሁለት ጊዜ ሳበ።

እስማኤል እንደ ደንባቸው ጎተተ። የደረሰ ወገብ ወደ ላይ ሄደ፣ አንገቱ እታች ቀረ።

«ሊያወጣኝ በጎተተ ቁጥር ያንቀኛል» አለኝ ሲያጫውተኝ። «ልቀቅልኝ እንዳልለው ገመዱ ተወጥሯል፤ ብስበውም አይሰማው። በወንድሜ እጅ ልሞት ነው አልሁ።»

ይህን ስሰማ እኔም አንገቴን ይዤ ነበር።

ዳር ላይ እስማኤል ገመዱ አልመጣ አለው። ሌላ ሰው ቢሆን ባለ በሌለ ኃይሉ ይጎትት ነበር። እሱ ግን የሚወጣው አረፋ መቆሙን አይቶ፣ ታች የያዘው ነገር እንዳለ ገባውና እኔ ብሆን የማልደፍረውን አደረገ፤ ጫፉን ብቻ ይዞ የሚሰጥም ሰው የታሰረበትን ገመድ ለቀቀ።

ደረሰ ወደ ታች ወረደ፤ ክሩም ላላ። አሁን በአገጩ አሳልፎ በራሱ በኩል ሊያወጣው ይችላል። እኔን የሚያናድደኝ እዚህ ላይ ነው። አየር የለው፣ ደረቱ ሊፈነዳ፣ መነጽሩ ውኃ ሞልቶ፣ ሰውዬው እጁን ክሩ ላይ አድርጎ ያመነታል! በገዛ እጁ ማተቡን አውልቆ አያውቅማ። በመጨረሻ አወለቀው፤ ብረቱ ላይ ተወውና ገመዱን እንደገና ሁለት ጊዜ ሳበ።

እስማኤል ዳር ላይ አስተኝቶ ጀርባውን ይደበድበው ነበር። «ያ ዞል! አንተ ሰው! ተንፍስ! ወላሂ ተንፍስ!» እያለ ያለቅሳል። ደረሰ ውኃውን አስመለሰና አንገቱን ዳበሰ።

«ማተቤ እታች ቀረ» አለው።

«ኸላስ! በቃ! ፓምፑ ይሰረው!» ብሎ ጮኸበት እስማኤል።

ደረሰ በዚያ ወበቅ አንገቱን በሻሽ ጠቅልሎ ቤቱ ገባ። አምሳለ ምን ቢደብቀኝ ነው ብላ ሻሹን ሳበችው። አንገቱ ዙሪያውን ተልጧል፤ የጉንጉኑ ቅርጽ ቆዳው ላይ ታትሟል። የገዛ እጇን ሥራ ለየችው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እኔ በአጥሩ በኩል እሰማ ነበር፤ አልዋሽም።

«ለምን ቶሎ አላወለቅኸውም?»

«አንቺ እኮ ነሽ ያሰርሽልኝ።»

አምሳለ ከዚያ በኋላ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

በማግስቱ ጠዋት በረንዳው ላይ አስቀምጣው የጥጥ ክር ስታስርለት አገኘኋቸው። ቋጥራ ስትጨርስ ጣቷን በክሩ ውስጥ አግብታ ሳበችው። ወዲያው ተበጠሰ። ደረሰ ደንግጦ ቀና አለ።

«ዝም በል» አለችው፤ ከዚያው ልቃቂት ሌላ ቆርጣ አሰረችለት።