በረኛ ነኝ ያልኩ ቀን

ከጅቡቲ የወጣሁት ማልያዬን እንኳ ሳላወልቅ ነው፤ ከላይ ሸሚዝ ደርቤበት። ላቡ ጀርባዬ ላይ ደርቆ ካርቶን ሆኗል። ባለቤቴ ሮዛ ልጃችንን አቅፋ "ቶሎ ሂድ፣ ሳይመጡ!" ትለኛለች። ለአሠልጣኝነት ኮርስ የተመታልኝ የአሜሪካ ቪዛ ባይኖር ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍላችሁም ነበር።

አባቴ ከድሬዳዋ የሄደ የባቡር ሠራተኛ ነው። እኔ እዚያው ጅቡቲ ተወልጄ፣ ቤት አማርኛ፣ ውጭ ሱማልኛና ፈረንሳይኛ እያወራሁ አደግሁ። ለብሔራዊ ቡድኑም ተሰለፍኩ። ስትሰሙት ያምራል አይደል? ምኑ ያምራል! የትንሽ አገር በረኛ ማለት ኳስ ከመረብ ሲለቅም የሚውል ሰው ነው። የሰፈራችን ሴቶች ሳይቀሩ ሰላምታቸው "ዛሬስ ስንት ገባብህ?" ነበር።

አንድ ቀን የክለባችን ሹም፣ እንደኔው የሐበሻ ልጅ፣ ከጨዋታ በፊት ጠጋ ብሎ "ዛሬ በሩን ክፈትልን፣ ሰዎቻችን እንሸነፋለን ብለው ተወራርደዋል" አለኝ። ቀፈፈኝ። የማስበላው እኔ፣ የሚበላው እሱ! እምቢ አልኩ። ያን ቀን ደግሞ እግዜር ሲለው አንድም አልገባብኝም። ስንወጣ "ትሞታለህ" አለኝ፤ ያለውን የሚያደርግ ሰው መሆኑን አውቃለሁ።

ሚኒሶታን ምን ብዬ ልንገራችሁ? የጅቡቲ ሙቀት ቢያንስ አስተኝቶ ነው የሚያደክምህ፤ የዚህ ብርድ በጥፊ ነው የሚልህ። ቡርንስቪል የሚባል ከተማ አንድ ቤዝመንት፣ ከቤት ሥር ያለ ክፍል፣ ተከራየሁ። አከራዬ እትዬ አስቴር ገና ቁልፉን ሳትሰጠኝ "ዓሣ እንዳትጠብስብኝ፣ ይሸታል" አለችኝ። እርጥብ ውሻዋ ትራሴ ላይ ሲጋደም ግን አይሸታትም። ቱ!

ለጥገኝነት ኢንተርቪው አስተርጓሚ ይዘህ ና ተባልኩ። ፈረንሳይኛ የሚያስተረጉም ሰው ተገኝቶልኝ ነበር፤ እኔ ጅሉ ግን "የራሴ ሰው ይሻለኛል" ብዬ ጋሽ ታደሰን ይዤ ሄድኩ። ኤርፖርት ታክሲ ድራይቭ የሚያደርጉ፣ በዕድሜያቸው ኳስ አይተው የማያውቁ ደግ ሰው ናቸው።

"ሥራህ ምን ነበር?" አለች ኦፊሰሯ።

"በረኛ።"

"ዶርማን" አሉ ጋሽ ታደሰ።

"ለምን ሊገድሉህ ፈለጉ?"

"በሩን ክፈት ሲሉኝ እምቢ ብዬ።"

ይህንንም ቃል ሳያዛንፉ ተረጎሙላት። ሴትየዋ ፎርሙን ገለጥ ገለጥ አድርጋ አንድ ነገር ጠየቀች።

"ቁልፉ ማን ጋ ነበር? ትላለች" አሉኝ ጋሽ ታደሰ።

"የምን ቁልፍ?"

"የበሩ ነዋ! ዘበኛ ነበርኩ አላልክም እንዴ?"

ደሜ ፈላ። "ኳስ! ኳስ!" እያልኩ ምንጣፉ ላይ ተወረወርኩ፤ እንዴት እንደምይዝ ላሳያት። ኦፊሰሯ ወንበሯን ወደ ግድግዳው ሳበች። ጋሽ ታደሰ "ኧረ ተነስ ልጄ፣ ታሳስረናለህ!" ይላሉ። ሊያስረዷት ቢሞክሩም እሷ ጽፋ ጨርሳለች።

ከኢሚግሬሽን ሌተሩ መጣ። ፎርምህ ላይ ኳስ ተጫዋች፣ በቃልህ ዘበኛ ብለሃል፣ ቃልህ ይጋጫል፣ ዳኛ ፊት ትቀርባለህ ይላል። ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ገና አልታወቀም። ጋሽ ታደሰ ጸጸት ቢገድላቸው ሜፕልዉድ አንድ ሕንፃ ላይ ሥራ አፈላልገው አገኙልኝ፤ ዘበኝነት። "ልምድ አለው ብያቸዋለሁ" አሉኝ፣ ደስ ብሏቸው። አንገሸገሸኝ፤ ግን ገባሁ፣ ምን አማራጭ አለኝ?

ትናንት ሮዛ ደወለች። ያ የክለቡ ሹም ቤት ድረስ መጥቶ "ባልሽ የት ገባ?" ብሏታል። ልጃችንን ይዛ እህቷ ጋ ተጠግታለች።

"መቼ ነው የምትወስደን?" አለችኝ።

"እኔ እንጃ።"

"እኔ የምልህ፣ ሁልጊዜስ ይገባብህ አልነበር? ያን ቀን አንድ ብታስገባ ምን ነበረበት?" አለች።

እንዲህ ያስጠላኝ ነገር የለም፤ ከማንም ብሰማው ከእሷ አልጠበቅሁም።

"የገባብኝ ሁሉ እየሞከርኩ ነው የገባብኝ፣ ሮዚ።"

"አውቃለሁ" አለች። "ለልጅህ ግን ምን ብዬ ላስረዳት?"