ከመደርደሪያ የማይገኘው መጽሐፌ

«ኦቦ ከድር፣ ዛሬም የለም እንዳይሉኝ! ሦስተኛ ጊዜዬ ነው።»

«አዴ ጫልቱ፣ ምን ላድርግ? ሰው ይሻማበታል። ገና ሲመለስ ይወሰዳል።»

«እነማን ናቸው የሚወስዱት? ስማቸውን ይንገሩኝ፤ ቤታቸው ሄጄ አመጣዋለሁ።»

እዚህ ጭቅጭቅ መሃል ነው የገባሁት። ያለፈው ክረምት ነው፤ ቡራዩ፣ ኦቦ ከድር ደብተርና እስክሪብቶ እየሸጡ መጻሕፍት በሚያከራዩባት ጠባብ ሱቅ። ግጥም ልጽፍ በተቀመጥኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል። የሚጨቃጨቁበት መጽሐፍ የኔ ነበር። እሱም ጃኬቴ ውስጥ ነበር።

ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ራሴ ነኝ ራሴን ያስተማርኩት። አስተማሪውና ተማሪው «ጎበዝ ነህ» ተባብለው መጽሐፍ አሳተሙ። አንዱን ቅጂ ኦቦ ከድር መደርደሪያቸው ላይ አስቀመጡልኝ። የሱቁ ደንብ ግን ጥብቅ ነው፤ አንድ ወር ማንም ያልተከራየው መጽሐፍ ወደ ካርቶን ይወርዳል። ከካርቶኑ የተመለሰ አላየሁም።

ሦስት ሳምንት ሙሉ በመስኮት አየሁት፤ የነካው የለም። በአራተኛው «ጓደኛዬ ቶሎሳ ልኮኝ ነው» ብዬ ራሴ ተከራየሁት። በሳምንቱ መለስኩና «አሁን ደግሞ ለአብዲ» አልኩ። ቀጥሎ «ለሄኖክ»። ቶሎሳ ከኳስ ውርርድ ትኬት ሌላ አንብቦ አያውቅም። ሄኖክ የሚባል ጓደኛ ደግሞ ጭራሽ የለኝም። ኦቦ ከድር ግን ስሙን መዝገብ ላይ እያሰፈሩ «አጃኢባ! ገጣሚያችን ተነበበ!» ይሉ ነበር። እያደር እኔም ማመን ጀመርኩ።

አዴ ጫልቱ የሰበታ ልብስ ሰፊ ናቸው። ኦቦ ከድር «ሰው የሚሻማበት» እያሉ ስለ መጽሐፉ አወሩላቸው፤ እህታቸውን ሊጠይቁ ቡራዩ በመጡ ቁጥር ግን «ተወስዷል» ሲባሉ እልህ ያዛቸው።

«ይኸው ደራሲው ራሱ መጣ» አሉ ኦቦ ከድር። «ልጄ፣ ለሄኖክ ደውልለት፤ ቶሎ ይመልስ።»

ብልህ ሰው «ሄኖክማ ጨርሶታል፤ ይኸው» ብሎ ይገላገል ነበር። እኔ ስልኬን አውጥቼ ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩና «አያነሳም» አልኩ።

«ሳትደውል?» አሉ አዴ ጫልቱ። «ጃኬትህን ያሳበጠውስ ምንድን ነው?»

አወጣሁት። ኦቦ ከድር መጽሐፉን አዩ፣ እኔን አዩ፣ መዝገባቸውን አዩ።

«እና ቶሎሳም አንተ፣ አብዲም አንተ፣ ሄኖክም አንተ?»

«አዎ።»

ኦቦ ከድር እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ግን ውስጥ ውስጡን ደስ ብሎኛል፤ ውሸቴ ቢጋለጥም እውነተኛ አንባቢ አገኘሁ!

አዴ ጫልቱ መጽሐፉን ተቀብለው ከመሃል ገለጡና ቆመው ማንበብ ጀመሩ። አንድ ግጥም ነው ያነበቡት። እኔ ፊታቸውን አነበብኩ። የልብስ ስፌቱን ጥራት እንደሚያይ ሰው ገጹን ገልበጥ አድርገው አዩትና ዘጉት።

«ልጄ፣ አትቀየመኝ» አሉ። «ያ ሁሉ ሰው የተሻማበት መስሎኝ ነው የጓጓሁት።»

ዛሬ ሳስበው የሚያሳፍረኝ ውሸቱ አይደለም፤ እሱን ለጓደኞቼ እያወራሁ እንስቅበታለን። የሚያሳፍረኝ ከዚያ በኋላ መለመኔ ነው።

«እባክዎ ሌላ ይሞክሩ» አልኳቸው። «ገጽ አሥራ ሰባት ላይ ያለው ከሁሉም ይበልጣል።»

«ያነበብኩት እሱን ነው» አሉ አዴ ጫልቱ። ጃንጥላቸውን አንስተው ወጡ፤ በሩንም ቀስ አድርገው ዘጉት።