አዳኝ የሚለው ቃል

ባለፈው ሳምንት በደብረ ማርቆስ ገበያ ዳር አንድ ጫማ ሰፊ ያረጠበውን ቆዳ ፀሐይ ላይ ሲያሰጣ፣ ሽታው አባቴ ታሞ ወደተኛበት መደብ መለሰኝ። መደቡ ላይ የሚዳቋ ቆዳ ተነጥፎ ነበር።

ቤታችን ከደጀን ወጣ ብሎ፣ የዓባይ በረሃ ቁልቁል ከሚታይበት አፋፍ ላይ ነው። አባቴ በጉብዝናው ወራት ወደ በረሃው እየወረደ ያድን ስለነበር፣ የአገሩ ሰው በክርስትና ስሙ ሳይሆን «አዳኙ» እያለ ይጠራው ነበር። አንድ ቀን የጣላትን ሚዳቋ ሆድ ሲከፍት ግልገል አገኘ። ከዚያ ወዲህ ጠመንጃ አላነሣም፤ ስሙ ግን አልተወውም።

በመጨረሻው ክረምት ሲታመም፣ ደብረ ወርቅ ቅኔ ያስተምሩኝ የነበሩት መምህሬ አብረውኝ ሊጠይቁት መጡ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ እርጥብ የባሕር ዛፍ እንጨት ይጨሳል። አባቴ ትምህርቴ እንዴት እንደሆነ ጠየቃቸው። ቤት መምታቱን እንደቻልኩበት፣ ሰሜ ግን ከወርቄ እንደሚከብድ ነገሩት፤ ሁለቱም በእኔ ሣቁ። ከዚያ አባቴ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የኔታ፣ ጌታንም አዳኝ ትሉታላችሁ፤ እኔንም አዳኝ ይሉኛል። ስሙ አንድ ነው?»

እንደ ዋዛ ነበር የጠየቀው፤ እጁ ግን የቆዳውን ጠርዝ ጨብጧል። ያቺ ሚዳቋ ከፊቱ እንዳልሄደች ገባን። መምህሬ ለበሽተኛ ብለው ቃል የሚያጣምሙ ሰው አልነበሩም። የጌታ ስም ከግእዙ «ድኅነ» እንደሚወለድ፣ በመካከሉ የነበረው የጉሮሮ ድምፅ በአማርኛ አፍ ሟምቶ እንደጠፋ፣ የዱሩ አዳኝ ግን ከሌላ ግንድ እንደበቀለ፣ ግእዙም እሱን «ነዓዊ» እንደሚለው ቀስ ብለው አስረዱት።

«እንግዲያ ዘመድ አይደሉማ» አለ አባቴ።

«አይደሉም፣ አያ። ያገናኛቸው ድምፅ ነው።»

አባቴ ጣራ ጣራውን አየ። መምህሬ አንድ የሚያጽናና ነገር እንዲጨምሩ በልቤ ለመንኩ፤ አልጨመሩም። በኋላ እሱ ራሱ ፈገግ አለ።

«ይሁን። እኔም እንደ ሚዳቋዋ ስሸሽ ኖሬ ደክሞኛል። እንግዲህ አዳኝ ቢመጣ አልሮጥም።»

የተማሪን ስሕተት ሳያርሙ የማያልፉት መምህሬ የትኛውን አዳኝ ማለቱ እንደሆነ አልጠየቁትም። እጃቸውን በእጁ ላይ አሳርፈው፣ ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ሳያነሡት ተቀመጡ።

አባቴ መስከረም ሳይጠባ ዐረፈ። ዛሬ ማንም ቢጠይቀኝ ሁለቱን ቃላት በየግንዳቸው ለይቼ ማስረዳት እችላለሁ። በእሱ ድምፅ ሲመጡብኝ ግን መለየት ያቅተኛል፤ መለየትም አልፈልግም።