ሂና የመሰለኝ ዱካ

ካርቲየ ሰባት በሚባለው የወደብ ከተማ ሰፈር ተቀጥሬ የምኖርበት ቤት መተላለፊያው ነጭ ሴራሚክ ነው። ነጭ ወለል ምንም አይደብቅምና መወልወያው ከእጄ አይለይም። የቤቱ እመቤት የድሬዳዋ ነጋዴ ልጅ ናት። መጀመሪያ እርስዎ ስላት «አሮጊት አታድርጊኝ፣ አንቺ በይኝ» ብላ ሳቀችብኝ።

ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ለመውለድ አንድ ወር ገደማ ይቀራታል። አንድ ቀን ጎረቤታችን፣ ትልቅ ሴት ናቸው፣ መጥተው እግሯን ሂና ቀቧት።

በማግስቱ ቀትር ላይ መብራት ጠፋ፤ ማራገቢያው ቆመ። ባሏ ዶራሌ ወደብ ዕቃ ሊያወጣ ሄዷል። እሷ ለሶላት ውዱእ አድርጋ ስለነበር ከመታጠቢያ ቤቱ እስከ መኝታ ቤቷ እርጥብ ዱካ አየሁ። የግራው ውሃ ብቻ ነው። የቀኙ ቀላ ይላል። ሂናው ለቆ ነው ብዬ ወለወልኩት።

ባልዲዬን ደፍቼ ስመለስ ሌላ ዱካ ወደ ኩሽና ሄዷል። ስታልፍ ኮቴዋን አልሰማሁም። አሁን ውሃ የለውም፤ የቀኝ እግር ብቻ ነው፣ ቀለሙም ደምቋል። በጣቴ ነካሁት። ያጣብቃል፤ ሞቅም ይላል።

ኩሽና ቆማ ውሃ ትጠጣለች።

«እትዬ፣ ሂናሽ ለቀቀ እንዴ?»

«የደረቀ ሂና ምን ይለቃል? ደግሞ ጮክ በይ፣ ለራስሽ ነው የምታወሪው?»

እግሯን አሳየኋት። ቀሚሷን ከፍ አደረገች። ደሙ በጭኗ ውስጥ በኩል ዝም ብሎ ይወርዳል።

«ላብ መስሎኝ» አለች። «ምንም አላመመኝም እኮ። ጋደም ብል ይቆማል።»

ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። እንዲያ ቆማ፣ ብርጭቆዋን እንደያዘች፣ ሳይታወቃት ልታልቅብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። በዚያ ሰፈር ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። የዚያን ቀን ከበር ሆኜ ጎረቤታችንን ተጣራሁ።

«ዲዳዋ አፍ አወጣች» እያሉ መጡ። ወለሉን ሲያዩ ሳቃቸው ቆመ።

«ሆዴን በዘይት እሺልኝና ይለፍልኝ» አለቻቸው።

«ዛሬ እጄ አይነካሽም። ሐኪም ቤት ነው የምንሄደው። ወለሉን አትይው፣ ዓይንሽን ጨፍኚ።»

እንደ ዓይነ ስውር እየመሩ ታክሲ ውስጥ አስገቧት። እኔ ቤት ጠባቂ ቀረሁ።

መወልወያውን አነሳሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩት። ካልተመለሰች በዚህ ቤት የመጨረሻ እርምጃዋ ይኸው ነው። ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። ዱካው ቀስ እያለ ደረቀ፣ ጠቆረ፤ በመጨረሻ ቁርጥ ሂና መሰለ። ማራገቢያው ድንገት በላዬ መዞር ሲጀምር መብራት መምጣቱን እንኳ አላሰብኩም፤ አንድ ሰው የገባ መስሎኝ ዞርኩ።

ሊመሽ ሲል ባሏ ደወለ። እንግዴ ልጁ ከታች ተቀምጦ የማህፀኗን በር ሸፍኖት ኖሯል። በሩ መከፈት ሲጀምር ነው ያለ ሕመም የደማችው። ምጥ እስኪመጣ ብትጠብቅ ሁለቱንም እናጣ ነበር ብለውታል ሐኪሞቹ። በኦፕራሲዮን ሴት ልጅ ወለደች፤ ለራሷም ደም ተሰጣት።

«ሁለቱም አሉ» አለኝ። ያኔ ወለወልኩ።

ሕፃኗ ትንሽ ስለነበረች ቆይተው ነው የመጡት። እትዬ ልጇን አቅፋ ወደ ኩሽና ስትሄድ ከኋላዋ ነበርኩ። ግራ እግሯን እንደ ልቧ ታሳርፋለች። ቀኟን ግን ዱካው የነበረበት ሴራሚክ ላይ ስትደርስ እያነሳች ታሻግረዋለች፤ አንዱንም አልሳተችም። የት የት እንደነበረ ለማንም አልተናገርኩም።

አልጠየቅኳትም። ከዚያ ወዲህ ግን ቀትር ላይ እርጥብ ዱካ ሳይ መጀመሪያ በጣቴ እነካዋለሁ። ቀዝቃዛ ከሆነ እወለውለዋለሁ።